የጠበቃ ምርጫ፦ ከፍርድ ቤቱ ባሻገር ያለው ቅጣት

አንድ ኢትዮጵያዊ በስቶን ማውንቴን ተፈጸመ በተባለ ከባድ ወንጀል ሲከሰስ ጉዳዩ በዲካልብ ካውንቲ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይታያል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1963 በጊዲዮን ጉዳይ፣ አቅም ለሌለው ተከሳሽ መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት ወስኗል። በ2010 ደግሞ በፓዲያ ጉዳይ፣ ጥፋተኝነትን ማመን ከአገር ሊያስባርር እንደሚችል ጠበቃው ዜጋ ላልሆነ ደንበኛው የማስረዳት ግዴታ እንዳለበት አረጋግጧል። በኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ግን በመንግሥት ወጪ ጠበቃ የማግኘት መብት የለም።

ስለዚህ ግሪን ካርድ ያለው ተከሳሽ «ቶሎ ልገላገል» ብሎ የሚፈርመው ስምምነት፣ እስር ባያስከትል እንኳ ቤተሰብ ሊበትን ይችላል። በ2024 የወጣው የጆርጂያ ሕግ ቁጥር 1105 የካውንቲ እስር ቤቶች ከኢሚግሬሽን ባለሥልጣናት ጋር እንዲተባበሩ ማስገደዱ አደጋውን አቅርቦታል።

ተከሳሹና ቤተሰቡ ጠበቃ ሲመርጡ ከዋጋው አስቀድመው «ይህ ክስ የመኖሪያ ፈቃድን ይነካል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ሕግ አውጪዎችም ለየተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤቱ የኢሚግሬሽን ሕግ አማካሪና ብቁ የአማርኛ አስተርጓሚ የሚሆን በጀት ይመድቡ፤ አለዚያ የፓዲያ ውሳኔ ከወረቀት ጌጥነት አያልፍም።