ፀሐይ በበረታች ቁጥር ሬዲዮ ይሻላልን?

«ፀሐይ ስትበረታ ሬዲዮ ርቆ ይሰማል» የሚለው አባባል በየደብተሩ ተጽፎ ይገኛል። ለፈተና ይሸመደዳል፤ ፈተናው ሲያልፍ ደግሞ እንደ ቀመር ተይዞ ይቀራል። እኛ ግን አባባሉ ግማሽ እውነት ነው እንላለን። ነገ በየገጠሩ ጥቁር ሰሌዳ ፊት የምንቆም እጩ መምህራን ግማሹን ብቻ ይዘን ብንሄድ አንድ ጎበዝ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ በሁለት ጥያቄ መውጫ ያሳጣናል። «ታዲያ ፀሐይ ይህን ያህል የምትጠቅም ከሆነ ሩቅ ጣቢያ ለምን ማታ ማታ ብቻ ይሰማል?» ቢለን ምን ልንመልስ ነው?

ለመሆኑ አባባሉ ከየት መጣ? ከአጫጭር ሞገዶች ነው። በ14፣ በ21 እና በ28 ሜጋኸርዝ የሚነጋገሩ የአማተር ሬዲዮ ሰዎች በፀሐይ ገጽ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ሲበዛ ደስ ይላቸዋል። ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ያለው የኤፍ ሽፋን በአልትራቫዮሌት ጨረር ብዛት በኤሌክትሮን ይሞላል፤ ከፍ ያለውን ድግግሞሽ ሳይቀር ወደ መሬት ይመልሳል። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ልክ ነው፤ አንከራከርም።

ወደ ዝቅተኛው ድግግሞሽ ስንወርድ ግን ሁኔታው ይገለበጣል። አማተሮች 160 ሜትር በሚሉት በ1.8 ሜጋኸርዝና 80 ሜትር በሚሉት በ3.5 ሜጋኸርዝ ላይ የኤፍ ሽፋን ለሩቅ ጉዞ ብዙውን ጊዜ አያንስም። ችግሩ ከበታቹ ነው። ከ60 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያለው የዲ ሽፋን እንደ ኬላ ነው፤ ሞገዱን ሲወጣም ያስቀርጠዋል፣ ሲመለስም ያስቀርጠዋል። በዚያ ከፍታ አየሩ ገና ወፍራም ስለሆነ በሞገዱ የሚወዛወዙት ኤሌክትሮኖች ከአየር ቅንጣቶች ጋር ይጋጫሉ፤ የሞገዱም ኃይል ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ቀረጡ ደግሞ ለሁሉም እኩል አይደለም። ድግግሞሹ በግማሽ ሲቀንስ ቀረጡ አራት እጥፍ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ 7 ሜጋኸርዝ የሚከፍለውን 3.5 ሜጋኸርዝ አራት ጊዜ ይከፍላል ማለት ነው። 1.8 ሜጋኸርዝማ ቀን ላይ ሩቅ አገር ሳይደርስ ኪሱ ባዶ ይሆናል።

ይህን ኬላ የምታቆመው ፀሐይ ራሷ ናት። ስትጠልቅ በደቂቃዎች ውስጥ ኤሌክትሮኖቹ ከአቶሞችና ከሞለኪውሎች ጋር ተመልሰው ይገናኛሉ፤ ኬላውም ይነሣል። የተማሪው ጥያቄ መልስ እዚህ ላይ ነው። በእኛ አገር ፀሐይ ቀጥ ብላ ስለምትወርድ ለውጡ ፈጣን ነው፤ ምሽቱ እንደ ሰሜን አውሮፓ አይጓተትም።

እንግዲህ ፀሐይ ስትበረታ የዲ ሽፋንም ይበረታል። ጀርመናዊው ሽዋቤ ለ17 ዓመት ፀሐይን ሲመለከት ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1843 የነጠብጣቦቹ ቁጥር በየጊዜው ከፍና ዝቅ እንደሚል አስታወቀ። ዑደቱ በአማካይ 11 ዓመት ነው። 25ኛው የሚባለው ዑደት እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2019 ጀምሮ በ2024 መገባደጃ ላይ ጫፉን ነካ። በእነዚያ ዓመታት የ28 ሜጋኸርዝ ሰዎች ሠርግና ምላሽ ሆነላቸው፤ የ160 ሜትር ሰዎች ግን ያለፈውን ጸጥ ያለ ዘመን እየናፈቁ አመሹ። እርግጥ ነው፣ 160 ሜትር በፀሐይ ብርታት ዘመን ጨርሶ አይሞትም። የሚጎዳው በብዛት ቀን ላይ፣ በፍንዳታና በማዕበል ጊዜ ነው። ይህን ለይቶ መናገር የመምህር ሥራ ነው።

ፍንዳታና ማዕበል ስንል ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውም በቅጡ አይነገረንም። ፍንዳታው ኤክስሬይ ይረጫል፤ ኤክስሬዩ በብርሃን ፍጥነት ስምንት ደቂቃ ገደማ ተጉዞ ቀን የሆነበትን የምድር ክፍል ብቻ ይመታል። ለምሳሌ ጳጉሜ 1 ቀን 2009 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ኤክስ 9.3 የተባለ ፍንዳታ ደርሷል። በዚያው ቀን ኢርማ የተባለው አውሎ ነፋስ የካሪቢያን ደሴቶችን እየመታ ነበር፤ በዚያም የአማተር ሬዲዮ ሰዎች የእርዳታ መልእክት በአጭር ሞገድ ያስተላልፉ ነበር። የዲ ሽፋን በአንድ ጊዜ ወፍሮ ፀሐይ በወጣበት ሁሉ የአጭር ሞገድ ግንኙነት ለአንድ ሰዓት ያህል ተቋረጠ። በዚህ ጊዜ ቀድሞ የሚጠፋውና መጨረሻ ላይ የሚመለሰው ዝቅተኛው ድግግሞሽ ነው። አውሎ ነፋስ ጣራ እየገነጠለ ሬዲዮም ዝም ሲል ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

ማዕበሉ ግን ዘግይቶ ይመጣል። ከፀሐይ የተወረወረው የጋዝና የማግኔት ደመና ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ይጓዛል። በግንቦት 2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የደረሰው ማዕበል በአምስት እርከን መለኪያ የመጨረሻውን እርከን ነክቷል፤ እ.ኤ.አ. ከ2003 ወዲህ እንዲህ ያለ አልታየም ነበር። እንዲህ ሲሆን በዋልታዎች አካባቢ ኤሌክትሮን ከላይ ይዘንባል፤ ሌሊትም ቢሆን ኬላው እዚያ ይቆማል። ሉል ያለው መምህር ክር ወጥሮ ይሞክረው፦ ከአዲስ አበባ ወደ ካሊፎርኒያ የሚወስደው አጭሩ መንገድ በሰሜን ዋልታ አቅራቢያ ያልፋል፤ ወደ ኬፕታውን የሚወስደው ግን ከዋልታ ጋር ምንም ጉዳይ የለውም። በማዕበል ሌሊት በ1.8 ሜጋኸርዝ የመጀመሪያው መንገድ ሲዘጋ ሁለተኛው ሊሠራ ይችላል። አንድ ክርና አንድ ሉል እንጂ ሌላ ወጪ የለውም።

ከሁሉ የሚገርመን ግን ይህ ነው። አማተሮች እ.ኤ.አ. በ2007 በዓለም አቀፍ ስምምነት የተፈቀደላቸው 136 ኪሎኸርዝ አካባቢ ያለ ጠባብ ቦታ አለ፤ የሞገዱ ርዝመት 2,200 ሜትር ነው። በዚህና ከዚህም ባነሰ ድግግሞሽ የዲ ሽፋን ቀን ላይ ኬላ ብቻ አይደለም፤ ጣራም ነው። ሞገዱ ሰብሮት አያልፍም፤ ከሥሩ እየነጠረ ይሄዳል። ስለዚህ 3.5 ሜጋኸርዝን ጸጥ ያሰኘው ያው ፍንዳታ ከ30 ኪሎኸርዝ በታች ባሉት ሞገዶች ላይ ብዙውን ጊዜ ምልክቱን ያጎላዋል። አንድ ፀሐይ፣ አንድ ፍንዳታ፣ ሁለት ተቃራኒ ውጤት! በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ይህንኑ የሚመዘግብ ርካሽ መሣሪያ ለትምህርት ቤቶች አዳርሷል። ፀሐይን በሬዲዮ መከታተል የልጆች ሥራ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ በላይ ማስረጃ አንሻም።

«ይህ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነው? ዘመኑ የስልክ ነው» የሚሉ ጓደኞች አሉን። አንቀየማቸውም። ግን የማግኔት ወገብ በአገራችን ሰማይ ላይ እንደሚያልፍ ስንቶቻችን እናውቃለን? ቀን ቀን ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ከራሳችን በላይ ብርቱ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈሳል፤ በአዲስ አበባ ያለው የጂኦፊዚክስ መከታተያ ጣቢያም ሥራውን የጀመረው በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1957 እና 58 ዘመን ነው። የሌላ አገር መጻሕፍት ሥዕል የተሣለው በሌላ ኬክሮስ ሰማይ ነው። እኛ የራሳችንን ሰማይ ትተን የሰው ሰማይ የምንሸመድድበት ምክንያት አይታየንም።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው፦ የአዮኖስፌር ትምህርት ከጠዋቱ ክፍለ ጊዜ ወጥቶ ለጥቂት ቀናት ወደ ምሽት ይዛወር። የአማተር ፈቃድም ሆነ ማስተላለፊያ አያስፈልግም። የመካከለኛ ሞገድ ከ160 ሜትር ጋር ጎረቤት ነው፤ ጠባዩም ይመሳሰላል። በባትሪ የሚሠራ ተራ ትራንዚስተር ሬዲዮ ይበቃል። ኤፍ ኤም ብቻ ያለው ግን አይሆንም፤ በዚያ ድግግሞሽ ይህ ነገር አይታይም። ከ11 ሰዓት ተኩል ጀምሮ በየአሥር ደቂቃው የመካከለኛውን ሞገድ ከዳር እስከ ዳር መቃኘት፣ የሚሰሙትን ጣቢያዎች መቁጠርና መጻፍ ነው። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ከቀይ ባሕር ማዶ የዐረብኛው ድምፅ እየጎላ ሲመጣ የዲ ሽፋን መነሣቱን በጆሯችን ሰማን ማለት ነው። ሬዲዮው ከስልክ ቻርጀርና ከኤል ኢ ዲ አምፖል ይራቅ፤ ጫጫታቸው ሁሉን ይውጣል። በክረምትም አይሞከር፤ በሐምሌ ማታ የሚሰማው የመብረቅ ፍጥጫ ነውና ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይሻላል።

መዝገቡን ይዞ ወደ ምድብ ቦታው የሚሄድ እጩ መምህር በ11 ዓመት አገልግሎት ውስጥ አንድ ሙሉ የፀሐይ ዑደት ከተማሪዎቹ ጋር ሊመዘግብ ይችላል። መምህራኖቻችን ሐሳቡን ቢያርሙት ወይም ቢነቅፉት ደስ ይለናል፤ ከዚህ ጽሑፍ ሥር ባዶ ወረቀት ሰቅለናል። ሬዲዮ ሁለት ተገኝቷል፤ ባትሪውን እኛ አዋጥተን እንችላለን። የቀረን ለሦስት ምሽቶች እስከ 2 ሰዓት ሜዳው ላይ የመቆየት ፈቃድ ብቻ ነው።