ለሁለት ውሃ አንድ ቦርድ ይበቃል



ባህሩ መሞቅ ሲጀምር የውስጥ መስመሬ በአንድ ዓይነት ጥያቄ ይሞላል። «ጋሼ፣ ሳፕ ልገዛ ነው። ጠዋት ጠዋት አስቀሎን ትንንሽ ማዕበል ላይ መሞከር እፈልጋለሁ፣ ለዕረፍት ደግሞ ከልጆቹ ጋር ኪነሬት እንሄዳለን። አንድ ቦርድ ለሁለቱም ይሆናል ወይስ ሁለት ልግዛ?» (አገር ቤት ላላችሁ፦ ሳፕ የምንለው ሰው ቆሞበት በረጅም መቅዘፊያ እየቀዘፈ የሚሄድበትን ሰሌዳ ነው። ኪነሬት ደግሞ በመጽሐፍ የገሊላ ባህር እያላችሁ የምታውቁት ነው። ስሙ ባህር ይባል እንጂ ሐይቅ ነው።)

መልሴን ከፊት ላስቀምጠው። አንድ ይበቃል። ሁለት ያስፈልጋችኋል የሚላችሁ ሰው ብዙውን ጊዜ ሻጭ ነው።

ባለፈው ዓመት ከአንድ የቀድሞ ተማሪዬ ጋር እዚህ አገር አንድ ሱቅ ገብተን ነበር። ሻጩ «ለማዕበል ይሄ» ብሎ 8 ጫማ የማትሞላ አጭር ቦርድ አወጣ፣ «ለረጋ ውሃ ይሄ» ብሎ ደግሞ 12 ጫማ ተኩል የሆነ አፍንጫው የሾለ ረጅም ቦርድ ጎተተ። ልጁ 85 ኪሎ ነው፤ በሕይወቱ ቦርድ ላይ ቆሞ አያውቅም። በአጭሯ ላይ ጉልበቱን እንኳ ሳያቀና ነበር የሚገለበጠው። ረጅሙ ደግሞ ማዕበል ላይ ሲወጣ በአፍንጫው ይሰምጥበታል፣ ልዙር ሲል እንደ አውቶቡስ ሰፊ ሜዳ ይፈልጋል። ሁለት ቦርድ ገዝቶ አንዱንም በደንብ ሳይጠቀምበት በረንዳው ሊሞላ ነበር። ይዤው ወጣሁ።

ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው «ማዕበል» የሚለውን ቃል ስንሰማ ከምናስበው ነው። ፊልም ላይ ያየነው የሃዋይ ማዕበል ይመጣብናል። የእኛ ሜዲትራኒያን በበጋ እንደዚያ አይደለም። አብዛኛውን ቀን ከጉልበት እስከ ወገብ ነው፣ አቅሙ ደካማ ነው፣ አንዱ ሳያልፍ ሌላው ይከተላል። እንዲህ ያለ ማዕበል አጭር ቦርድን ከቆመበት አንስቶ መግፋት አይችልም። ማዕበሉ ሲደርስ ቦርዱ ቀድሞ እየሄደ መሆን አለበት። ሁለት ሦስት ጊዜ ቀዝፋችሁለት ፍጥነት የሚይዝ፣ መቅዘፉን ስታቆሙም መንሸራተቱን የማያቆም ቦርድ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ቦርድ ደግሞ ረጅም ነው።

እስቲ አሁን ኪነሬትን አስቡ። የረጋ ውሃ የሚጠይቀው ምንድን ነው? ያንኑ ነው! በትንሽ ጉልበት ብዙ መሄድ። እና ትንሽ ማዕበልና የረጋ ውሃ ሻጩ እንደሚለው ጠላቶች አይደሉም፣ የአጎት ልጆች ናቸው። የሚጣሉት ትልቅ ማዕበልና የረጋ ውሃ ናቸው። ትልቁን ማዕበል ደግሞ ከእናንተ መካከል የሚነካው የለም፣ እኔም አልነካውም።

ይሄን የሚጠራጠር ሰው የሕይወት አድን ሠራተኞቹን ይመልከት። በዚህ አገር ባህር ዳርቻ የነበረ ሁሉ ሀሳኬን ያውቃል፦ ያ ሰፊ፣ ከባድ፣ ጠፍጣፋ ሰሌዳ። በሁለት በኩል ምላስ ባለው መቅዘፊያ ቆመው እየቀዘፉ የሚመጣውን ማዕበል ሰንጥቀው ይወጣሉ፣ ባህሩ ሲረጋም በዚያችው ይመላለሳሉ። ሀሳኬ ግዙ አላልኩም፤ ለብቻ የሚሸከመው ጎበዝ ነው። ግን ስፋትና ርዝመት ሁለቱንም ውሃ እንደሚያስማማ ከእሱ የተሻለ ምስክር የለኝም።

ስለዚህ ቁጥሩ ይሄ ነው። ርዝመት ከ10 እስከ 11 ጫማ፣ በሜትር ከ3 ሜትር ከ5 እስከ 3 ሜትር ከ35። ስፋት ከ30 እስከ 32 ኢንች፣ ማለትም ከ76 እስከ 81 ሳንቲ ሜትር ገደማ። ከዚህ የሰፋ ቦርድ ሲቆሙበት ያስደስታል፣ ሲቀዝፉበት ግን ያደክማል። ቅርጹንም እዩ። አፍንጫው ክብ ሆኖ በመጠኑ ወደ ላይ ቀና ያለ፣ ወገቡ ቀጥ ያለ፣ ጅራቱ ትንሽ የጠበበ ይሁን። አፍንጫው ቀና ካላለ ማዕበል ላይ ይተከላል። ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደ ሙዝ ከጎበጠ ደግሞ ኪነሬት ላይ ውሃውን እየገፋ ነው የሚሄደው፤ እናንተ ትቀዝፋላችሁ፣ እሱ ይቆማል።

አሁን ጎንደር ፊዚክስ ያስተማርኳችሁ ልጆች ተዘጋጁ። አርኪሜደስ! ቦርዱ ላይ የተጻፈው ሊትር ምን ማለት ነው? ቦርዱ ሙሉ በሙሉ ቢሰምጥ ገፍቶ የሚያስወጣው ውሃ መጠን ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ገደማ ይመዝናል። 85 ኪሎ ሰው፣ 10 ኪሎ ቦርድ፣ መቅዘፊያና ልብስ ሲደመር ወደ 100 ኪሎ ይጠጋል። 100 ሊትር ቦርድ ላይ ቢቆም ቦርዱ ከውሃው እኩል ይሆናል፣ አንዲት ትንፋሽ ትገለብጠዋለች። ለዚህ ነው ለጀማሪ የኪሎውን እጥፍ ያህል ሊትር የሚባለው፣ 85 ኪሎ ሰው ወደ 170 ሊትር። ከለመዳችሁ በኋላ ከዚያ ብትቀንሱ ችግር የለውም። «ይሄ ትምህርት ምን ይሠራልናል?» እያልክ የምታስቸግረኝ ልጅ እዚህ ካለህ፣ ይኸው ከሃያ ዓመት በኋላ መልስህ።

በጣም የምትጨቃጨቁኝ በአየር የሚነፋውና ደረቁ ቦርድ ላይ ነው። የሚነፋውን የምትወዱበት ምክንያት ይገባኛል። ሊፍት የሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ለሚኖር ሰው 3 ሜትር ከ20 የሆነ ደረቅ ቦርድ የት ይቀመጣል? ሳሎን ቤት? ባለቤት ምን ትላለች? የሚነፋው ተጠቅልሎ ከአልጋ ሥር ይገባል፣ በባቡርም ይሄዳል። ልጅ ጭንቅላቱን ቢመታበትም እንደ ደረቁ አይጎዳም። ለኪነሬት ብቻ ቢሆን ኖሮ ክርክር አልገጥምም ነበር።

ማዕበል ላይ ግን ሌላ ነው። የሚነፋ ቦርድ ብዙውን ጊዜ 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አለው፣ ጠርዙም እንደ ጎማ ክብ ነው። ደረቅ ቦርድ ጅራቱ አካባቢ ጠርዙ ቀጭንና ሹል ስለሆነ የማዕበሉን ግድግዳ ይነክሳል፤ ክቡ ጠርዝ ደግሞ የሚነክስበት ጥርስ ስለሌለው ይንሸራተታል። ከባድ ሰው ሲቆምበት መሃሉ ጎበጥ ይላል፣ የቀዘፋችሁት ጉልበትም በመጎበጡ ላይ ይባክናል። የእኔ መስፈሪያ እንዲህ ነው፦ ከሦስት ጊዜ አንዱን ማዕበል ላይ የምትወጡ ከሆነ ደረቁን ግዙ፣ ያገለገለም ቢሆን። በዓመት ሁለት ሦስት ቀን ብቻ ከሆነ የሚነፋው ይበቃችኋል። ያለፈውን በጋ ቀን መቁጠሪያ አውጥታችሁ ስንት ቀን የት እንደወጣችሁ ቁጠሩ እንጂ «ዘንድሮ እንኳ...» የሚለውን ምኞት አትቁጠሩ።

የሚነፋውን ከገዛችሁ ደግሞ በሙሉ ግፊት ንፉት። ክንድ ሲደክም 8 ላይ ቆመው «ጠንክሯል» የሚሉ ሰዎች አያለሁ። አምራቹ 15 ብሎ ከጻፈ 15 ነው። በግማሽ አየር የጎበጠ ቦርድ ላይ ወጥቶ «ሳፕ ይከብዳል» ማለት ጎማው በተነፈሰ ብስክሌት ዳገት እንደመውጣት ነው። ስትጨርሱ ግን ፀሐይ ላይ ጥላችሁት አትሂዱ፤ አየሩ ሲሞቅ ግፊቱ ይጨምራል (ይሄም ፊዚክስ ነው)፣ ትንሽ አስተንፍሱት።

ማንም የማይጠይቀኝ፣ ግን አንድን ቦርድ ሁለት የሚያደርገው ነገር ከሥር ያለው ክንፍ ነው። ፊን ይሉታል። ለረጋ ውሃ 9 ኢንች ገደማ የሆነ አንድ ትልቅ የመሃል ክንፍ ቦርዱን ቀጥ አድርጎ ያስኬደዋል። ለማዕበል ያንን አውጥታችሁ አነስ ያለ የመሃል ክንፍ ከግራና ቀኝ ሁለት ትንንሾች ጋር ትተካላችሁ፣ ቦርዱ መታጠፍ ይጀምራል። የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፣ ከሁለተኛ ቦርድ ጋር ሲነጻጸርም ዋጋው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ስለዚህ ስትገዙ ገልብጣችሁ እዩት። የመሃሉ ክንፍ የሚገባበት ቦይ ዩ ኤስ ቦክስ የሚባለው የተለመደው ዓይነት ከሆነ ከየትኛውም አምራች ክንፍ ይገባለታል። ክንፉ አብሮት የተጣበቀ ወይም ቦይው ለራሱ ብቻ የተሠራ ከሆነ ቢረክስም ተዉት። መቅዘፊያውም ርዝመቱ የሚስተካከል ይሁን፤ ለረጋ ውሃ ከራሳችሁ በላይ 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ማዕበል ላይ ግን ጉልበት አጠፍ ስለምታደርጉ ከዚያ አጠር ታደርጉታላችሁ።

ይሄን ሁሉ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ግን ነፋስ ነው።

ብዙዎቻችን ባህር ሳናይ ነው ያደግነው። የባህር ዳር ልጆች በደንገል ታንኳ ሲቀዝፍ ያያችሁት ሰው ከውሃው ጋር አብሮ ያደገ ነው፣ ጣና መቼ እንደሚቆጣ ያውቃል። እኛ ግን እዚህ መጥተን ውሃ ረጋ ሲል «ዛሬ ጥሩ ነው» እንላለን። ሜዲትራኒያን ዳር ጠዋት ላይ ነፋሱ ከምሥራቅ፣ ከየብስ ወደ ባህር ሲነፍስ ዳርቻው እንደ መስታወት ይሆናል። በጣም የሚያምረው ያ ቀን ነው ሰውን ወደ ውስጥ የሚወስደው፤ ከኋላ እየገፋችሁ ስለሆነ አይታወቃችሁም፣ ልትመለሱ ስትዞሩ ነው የሚታወቃችሁ። ኪነሬት ደግሞ በበጋ ጠዋት ዘይት የመሰለው ከሰዓት በኋላ ከምዕራብ በሚወርድ ነፋስ ይናወጣል። ከጥብርያዶስ በኩል የገባ ሰው ወደ መሃል ነው የሚገፋው።

ይሄ ከቦርድ ምርጫ ጋር ምን አገናኘው? በደንብ ነው የሚገናኘው። «ትልቁን እንግዛ፣ ቤተሰቡ ሁሉ ይወጣበታል» ብላችሁ 12 ጫማ የሚነፋ ቦርድ ገዝታችሁ 40 ኪሎ ልጅ ለብቻው ስታወጡበት፣ ቦርዱ ከውሃው በላይ ከፍ ብሎ ይንሳፈፋል፣ ነፋስ እንደ ሸራ ይይዘዋል። ልጁ አይመልሰውም። ደረቅ፣ መጠኑ ልከኛ የሆነ ቦርድ ውሃው ውስጥ ዝቅ ብሎ ስለሚቀመጥ ነፋስ የሚይዝለት ጎን ያንሳል። እኔ ደረቁን የማስቀድመው ለማዕበሉ ብቻ ብዬ አይደለም።

የእግር ገመድ ሁልጊዜ ይታሰር። ለማዕበል ቀጥ ያለው ነው የሚሻለው፤ እንደ ድሮ ስልክ ገመድ የተጠማዘዘው ለረጋ ውሃ ጥሩ ነው፣ ማዕበል ላይ ግን ተለጥጦ ቦርዱን መልሶ ወደ ፊታችሁ ሊወረውረው ይችላል። አንድ ብቻ ከገዛችሁ ቀጥ ያለው ለሁለቱም ይሆናል። ልጆች የሕይወት አድን ጃኬት ሳይለብሱ አይውጡ፣ ዋና የማይችል ትልቅ ሰውም እንደዚያው፣ እፍረት የለበትም። ነፋስ ከያዛችሁ ተንበርከኩ፣ ካልሆነ ተኝታችሁ በእጅ ቅዘፉ። ቦርዱን ትታችሁ በዋና እመለሳለሁ አትበሉ። መጀመሪያ ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ውጡ፣ ስትደክሙ እሱ ይመልሳችኋል።

ያገለገለ ለምትፈልጉ፣ ከመስከረም በዓላት በኋላ ጠብቁ፣ ብዙ ሰው ያኔ ይሸጣል። ደረቅ ከሆነ በአውራ ጣት እየተጫናችሁ መላውን ፈትሹ፤ የሚሰረጉድ ወይም የለሰለሰ ቦታ ካለ ውሃ ገብቶታል። የክንፉ ቦይ ዙሪያ ስንጥቅ እንዳይኖረው እዩ። ሚዛን ካላችሁ መዝኑት፣ አምራቹ ከጻፈው በብዙ ከከበደ ውስጡ ውሃ ጠጥቷል። የሚነፋ ከሆነ ሻጩን «ማታ ነፍተህ አሳድረው፣ ጠዋት እመጣለሁ» በሉት።

ኪሏችሁን፣ ብዙ ጊዜ የት እንደምትወጡና ቤታችሁ ስንተኛ ፎቅ እንደሆነ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ አንድ በአንድ እመልሳለሁ። ስለ ቀለም ግን አትጠይቁኝ። ባለፈው ሳምንት ሦስት ሰው ስለ ቀለም ጠይቆኛል።