ወላጅ ለመዋጮና ለቅጣት ብቻ አይጠራ

ከትምህርት ቤት የተላከ መልእክት ደጁ ሲደርስ የገጠሩ አባወራ አስቀድሞ ይደነግጣል። መልእክቱ ከሁለት ነገሮች አንዱ እንደሚሆን ከልምድ ያውቀዋልና። ወይ ልጁ አጥፍቶ «ወላጅ አምጣ» ተብሏል፤ ወይም ለመማሪያ ክፍል መሥሪያ፣ ለአጥር ወይም ለወንበር መጠገኛ የሚሆን መዋጮ ተወስኗል። ልጁ ማንበብ መጀመሩን፣ በሒሳብ መድከሙን ወይም ከክፍል መቅረት ማብዛቱን ለመንገር ብቻ የሚላክ መልእክት ግን ከስንት አንዴ የሚገኝ ነው። ትምህርት ቤትና ቤተሰብ ተራርቀዋል ስንል ሌላ የረቀቀ ምክንያት ለመፈለግ ሳይሆን ይህንኑ ለማመልከት ነው።

«ወላጅ አምጣ» የሚለው ትእዛዝ የሚያስከትለውን በየከተማው የሚኖር ሁሉ አይቶታል። ያጠፋው ተማሪ ቤተሰቡን ስለሚፈራ በበሩ የሚያልፈውን መንገደኛ «ጋሼ፣ እባክዎን አጎቱ ነኝ ብለው ይግቡልኝ» እያለ ይማጠናል። መንገደኛውም አንጀቱ አልችል ብሎት ይገባና ስለማያውቀው ልጅ ይቅርታ ጠይቆ፣ ምናልባትም ለማስመሰል ያህል ገሥጾት ይወጣል። ሲያወሩት ያስቃል። ነገሩን ከሥሩ ለመረመረ ሰው ግን የሚያስቅ አይደለም፤ መምህሩ የተማሪውን ወላጅ በመልክ እንኳ አያውቅም ማለት ነውና። ቢያውቀው ኖሮ መንገደኛ አጎት ሆኖ ለመግባት ባልቻለ ነበር።

በቀድሞው ዘመን ልጅ ለየኔታ በአደራ ሲሰጥ ወላጅ ስለ ትምህርቱ አካሄድ የመጠየቅ ልማድ አልነበረውም። ቢሆንም ትምህርቱ በጆሮ የሚሰማ ስለ ነበረ ከቤተሰብ አይሰወርም ነበር። ልጁ ፊደል ቈጥሮ፣ ንባብ ለይቶ ዳዊት ሲደግም አባትም ጎረቤትም ይሰማ ነበር፤ ዳዊት የደገመ ለትም እንደ ቤቱ አቅም ድግስ ይደገስለታል። በቁርኣን ቤትም የሕፃኑ ቅራት ከደጅ ይሰማል። ዘመናዊው ትምህርት ሲመጣ ግን ዕውቀቱ በደብተር ውስጥ ተጻፈ፤ ማንበብ የማይችለው ወላጅም ልጁ ደብተር ይዞ ሲወጣና ሲገባ ከማየት በቀር ስለ ውስጡ የሚያውቅበት መንገድ ጠፋ። አንባቢያችን ይህን ልብ እንዲልልን እንሻለን፤ በመጨረሻ ለምናቀርበው ሐሳብ መሠረቱ ይኸው ነውና።

ይህን ክፍተት ለመድፈን በየዘመኑ ሕግና መመሪያ አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው አዋጅ ቁጥር 103 ትምህርት ቤቶችን ሕዝቡ በኮሚቴ እንዲያስተዳድራቸውና እንዲቈጣጠራቸው ደነገገ። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ውሎ አድሮ በ15 ቋንቋዎች እየተሰጠ፣ በጣት አሻራ ይፈርም የነበረውን ብዙ ገበሬ ስሙን ለመጻፍ አበቃው፤ እ.ኤ.አ. በ1980ም በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ሽልማት አስገኘ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ፈቀደ። በ1994 ዓ.ም. የወጣው የኅብረተሰብ ተሳትፎ መመሪያም የወላጅና መምህር ኅብረት በየትምህርት ቤቱ፣ የትምህርትና ሥልጠና ቦርድ ደግሞ በየቀበሌው እንዲቋቋም አደረገ። እንግዲህ ወላጅ የሚሰበሰብበት አካል አለ። የጐደለው ወላጅ ተሰብስቦ የሚሰማው ነገር ነው።

የተለመደውን ስብሰባ እንመልከት። ሕዝቡ በበዓል ቀን ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወይም ከገበያ በፊት ይጠራል። ርእሰ መምህሩ የዓመቱን ዕቅድ ያነባል። ቀጥሎ የመዋጮው መጠን ይነገራል፤ ጥቂት ሽማግሌዎች ስለ ዘንድሮው ሰብል ማነስ ያነሣሉ፤ ከዚያም እጅ ወጥቶ ስብሰባው ይበተናል። መዋጮውን አንነቅፍም። ገበሬው ድንጋይና እንጨት አቅርቦ፣ ጉልበቱን ሰጥቶ ባይሠራቸው ኖሮ በገጠር ካሉት የመማሪያ ክፍሎች ብዙዎቹ ዛሬም ባልቆሙ ነበር። ነገር ግን ቤቱን የሠራ ሰው በቤቱ ውስጥ ስለሚሠራው ሥራ ሊነገረው ይገባል። የሰጠውም ገንዘብ በምን ላይ እንደ ዋለ ከመንግሥት ድጎማ ጋር ተደምሮ በፊቱ ሊነበብለት መብቱ ነው።

የሚላከው ካርድስ? ካርዱ አማካይ ውጤትና ደረጃ ይዞ በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ ወላጅም ፈርሞ ይመልሰዋል። በግርጌው «ተዛውሯል» የሚል ከተጻፈበት ቤተሰቡ ዕልል ይላል። ይሁን እንጂ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያሉ ሕፃናት ሳይወድቁ እንዲዛወሩ ለረጅም ዘመን ሲሠራበት ስለ ኖረ ቃሉ ልጁ ማወቁን አያረጋግጥም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 በልዩ ልዩ ክልሎች በተደረገ የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ሕፃናት ሲሶ ያህሉ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ ሳይችሉ ተገኝተዋል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በጥር 2015 ዓ.ም. ሲገለጥም 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈተኑት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ከ1,100 የሚበልጡ ትምህርት ቤቶችም አንድ ተማሪ አላሳለፉም። በዚያን ጊዜ ስንቱ እናትና አባት ሐዘን ተቀመጠ! የሐዘኑ ብርታት ልጁ ስለ ወደቀ ብቻ አልነበረም። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ «ተዛውሯል» የሚል ካርድ ሲፈርም የኖረ ወላጅ እውነቱን የሰማው በመጨረሻው ቀን ስለ ሆነ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው የአባቶች ብሂል የተነገረው ለእንዲህ ያለው ነገር ነበር።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳዝነው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪው ነው። የገጠሩ ልጅ 9ኛ ክፍል ሲደርስ ትምህርት ቤቱ በወረዳው ከተማ ስለሆነ ከጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። ዓርብ ማታ ወደ ቀዬው ይወጣል፤ እሑድ ስንቁን ተሸክሞ ይመለሳል። ቤተሰቡ ስንቁን እንጂ ትምህርቱን አያይም። ልጁ ታሞ ቢተኛ፣ በቀን ሥራ ቢጠመድ፣ ወይም ወደ ስደት ለመሄድ ከደላላ ጋር ቢመክር ትምህርት ቤቱ «ቀሪ» ብሎ ከመጻፍ አያልፍም፤ ወላጅ የሚሰማው ልጁ ከሄደ በኋላ ነው። አንድ ልጅ ከክፍል መቅረት ሲጀምርና ከአገር ሲወጣ መካከል ብዙ ቀናት አሉ። እነዚያ ቀናት በዝምታ ማለፍ የለባቸውም።

መምህሩ ጊዜ የለውም፤ ተማሪው ብዙ፣ መንገዱም ሩቅ ነው የሚል መልስ ሊሰጥ ይችላል። ችግሩ እውነት ነው። ሆኖም መምህርና ገበሬ በገበያ ቀን ይገናኛሉ፤ በዕድር፣ በልቅሶና በሠርግ አብረው ይቀመጣሉ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ጥሩምባ አስነፍቶ ለልማት ሥራ ሕዝብ ያወጣል። ለመዋጮ የሚያገለግለው መንገድ ለትምህርት ወሬ የማያገለግልበት ምክንያት አይታየንም። «ልጅሽ ንባብ ለመደች፤ ማካፈል ግን አስቸግሯታል» የሚል ቃል በገበያ መካከል ለእናቲቱ ለመንገር የሚያስፈልገው ጥቂት ደቂቃ ነው። ለእናቲቱ ስንልም አስበን ነው። ልጁን ቀስቅሳና አብልታ የምትልከው፣ ሲቀርም በቅድሚያ የምታውቀው እርሷ ሆና ሳለ ለስብሰባ የሚጠራው አባወራው ብቻ መሆኑ ሊታረም ይገባዋል።

ስለዚህ አንድ ቀላል ነገር እናሳስባለን። የወላጆች ስብሰባ ሲጀመር ከዕቅድና ከመዋጮ በፊት ልጆቹ በወላጆቻቸው ፊት ከመጽሐፋቸው ያንብቡ፤ ሒሳብም በሰሌዳ ላይ ይሥሩ። ፊደል ያልቈጠረ አባት እንኳ ልጁ ሲንተባተብና አቀላጥፎ ሲያነብ ለይቶ ያውቃል። የቀድሞው ትምህርት ለጆሮ ግልጽ ስለ ነበረ ወላጅን እንዳላታለለ ሁሉ የዛሬውም እንዲሁ ይገለጥለት። ልጁን ለማሳፈር ግን አይሁን፤ የደከመው ልጅ ወላጅ ለብቻው ተጠርቶ በሚገባው ቋንቋ፣ ያለ ቁጣ ይነገረው። ስብሰባውም በሰኔ ብቻ አይሁን። አጨዳ ሳይገባ፣ በጥቅምት መጨረሻ አንድ ጊዜ ቢደረግ ልጁ በመኸር ሥራ ስንት ቀን ሊቀር እንደሚችልና ያመለጠውን እንዴት እንደሚያካክስ ወላጅና መምህር ሊስማሙ ይችላሉ።

ወሬው ከቤተሰብ ወደ ትምህርት ቤትም ይመላለስ። በጥር የሠርግ ወራት ከክፍል የጠፋች ልጃገረድ ለምን እንደ ጠፋች ጎረቤት ያውቃል። የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት መሆኑን የደነገገው ሕግ የሚጠቅማት ነገሩ ከድግሱ በፊት ለመምህሯ የደረሰ እንደ ሆነ ነው።

የከተማው ነዋሪ ሆይ! ለገጠር ተማሪ ክፍል ያከራየህ ሁሉ ሳታውቀው ግማሽ ወላጅ ሆነሃል። ተማሪው በትምህርት ሰዓት ተኝቶ ብታየው «ምን ሆነሃል?» ብለህ ጠይቀው፤ የመምህሩንና የቤተሰቡን ስልክም ያዝ። ኪራይ ተቀብሎ ዝም ማለት ከበሩ ቆሞ አጎት ነኝ ብሎ ከገባው መንገደኛ ያንሳል እንጂ አይበልጥም፤ መንገደኛው ቢያንስ ተለምኖ አዝኗልና።

ከቤቱ ርቆ በግዳጅ ላይ የምትገኘው ወታደርም ከዚህ ጉዳይ ውጪ አይደለህም። ከደመወዝህ ቀንሰህ ለደብተርና ለጫማ ትልካለህ። ስልክ ስትደውል «ልጁ እንዴት ነው?» ትላለህ፤ «ደኅና ነው» ይሉሃል። ይህ ስለ ጤናው እንጂ ስለ ትምህርቱ የሚነግርህ ነገር የለም። ስልኩ ለልጁ ይሰጥ፤ መጽሐፉንም አምጥቶ አንድ አንቀጽ ያንብብልህ። ስንት ቃል ላይ እንደ ቆመ ራስህ ትሰማለህ። በወሩም ደግሞ አስነብበው። ልጁ አባቱ እንደሚያዳምጠው ካወቀ ርቀቱ ብዙ አይጐዳውም።

በአጠቃላይ የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች የትምህርት ቤቶችን ሥራ ሲመረምሩ ስንት ክፍል ተሠራ፣ ስንት ብር ተሰበሰበ ከማለት ጋር ስንት ወላጅ የልጁን ንባብ በጆሮው ሰማ ብለው እንዲጠይቁ ያስፈልጋል። ወላጅ ድንጋይ ተሸክሞ ትምህርት ቤት ሠርቷል። ልጁ በዚያ ቤት ውስጥ ምን እንዳገኘ በጊዜው፣ በቋንቋውና በእውነት የመስማት መብቱ ይጠበቅለት እንላለን።