ከእርሻ ውስጥ የተገኘ ብረት

ስለ ቤት አያያዝ የምንጽፈውን ለዛሬ አቆይተን፥ ለልጆች ሕይወት የሚያሠጋ አንድ ነገር ልናመለክታችሁ ወደድን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ወዳጄ ከመሬት በታች ያለ ብረት የሚያመለክት መሣሪያ ገዝቶ ወደ ደብረ ማርቆስ መጣ። አሳቡ የድሮ ጦር ዕቃ መፈለግ ነበር። እኔም የፍርድ ቤት ጸሓፊ እንደ መሆኔ አስቀድሜ ሕጉን አነበብሁለት፤ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ቅርስ መፈለግ ክልክል ነውና። ወዳጄ አኮረፈ። በዚያው ሰሞን ግን በደንበጫ አጠገብ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ባላገር ማረሻቸው ጠፍቶባቸው ነበርና፥ «እርሱን እንፈልግላቸው» ብዬ አስታረቅሁት።

መሣሪያው የሽቦ ጥቅል አለው፤ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት በመሬት ውስጥ ያለው ብረት ይመልስለትና ይጮኻል። በፈረንጅ ቁጥር በ1881 ዓ.ም. አሌክሳንደር ግራሃም ቤል የተባለው ሊቅ በአሜሪካው ፕሬዚዳንት በጋርፊልድ ሰውነት ውስጥ የቀረውን ጥይት በእንዲህ ያለ መሣሪያ ቢፈልግ ሳያገኘው ቀረ፤ የአልጋው ሽቦ አሳሳተው ይባላል። ወዳጄንም የገዛ ጫማው ብረት አሳሳተው። በየርምጃው ሲጮኽለት ወርቅ ያገኘ መስሎት ነበር።

በደንበጫ አጠገብ የካቲት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ከቡሬ የሚሸሸው የኢጣልያ ጦር ከአንድ የኢትዮጵያ ሻለቃ ጋራ በብርቱ ተዋግቷል። ከአንድ ወር በኋላም መጋቢት 28 ቀን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ደብረ ማርቆስ ገቡ። ስለዚህ ጫማውን አውልቆ ሲፈልግ በመጀመሪያ የተገኘው ማረሻ ሳይሆን ቀለህ ነበር። ከታቹ 936 የሚል አኃዝ አለበት፤ በፈረንጅ ቁጥር 1936 ማለት ነው። «የጠላት ጥይት!» አለ ወዳጄ። እኔ ግን እንዲህ አልሁት፦ «አርበኞች በማረኩት ጠመንጃ ተዋግተዋል፤ ቀለህ የሠራውን እንጂ የተኮሰውን አይናገርም።»

ቀጥሎ የተገኘው ቀይ ቀለም የቀረበት፥ ጡጫ የሚያህል ቆርቆሮ ነበር። ወዳጄ አፈሩን ሊያራግፍ ዶማ ሲያነሣ ክንዱን ያዝሁት። ኢጣልያኖች በ1935 የፈረንጅ ዓመት ያወጡት የእጅ ቦምብ ቀይ ነው፤ ተወርውሮ ሳይፈነዳ የቀረውም ጥቂት ቢነቀንቁት ሊፈነዳ ይችላል። ወደ ኋላ ሸሸን።

ሽማግሌው ከሩቅ አይተው ሣቁና፥ «ጌቶቼ፥ ይህን ፈርታችሁ ነው? የልጅ ልጄ እንዲህ ያለውን በክረምት አግኝቶ ከጭዱ ውስጥ አኑሮታል» አሉ።

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ሮጬ አላውቅም። ልጁ ዘጠኝ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ለጥጃው ቃጭል ሊያደርገው ገመድ አስሮበት ነበር። እናቲቱ ሕፃን አዝላ እዚያው አጠገብ እህል ታበጥራለች። ቤተ ሰቡን ሁሉ ከግቢ አስወጣን፤ በእርሻው ያለውንም ከሩቅ በድንጋይ ክምር አመለከትን፤ ወዳጄ በባዶ እግሩ ወደ ፖሊስ ሮጠ። ሰዎቹ እስኪመጡ ሦስት ሌሊት ቤተ ሰቡ በጎረቤት አደረ፤ በአራተኛው ቀን ሁለቱ ቦምቦች ከሰው በራቀ ገደል ውስጥ ፈነዱ። ድምፁን የሰማ ሁሉ በየቤቱ ያለውን አሮጌ ብረት መመርመር ጀመረ፤ እኛም በእጅ ሳትነኩ ለፖሊስ አመልክቱ እያልን ዞርን።

ቀለሁን ከነተገኘበት ስፍራ አስጽፈን ለባህል መሥሪያ ቤት አስረከብን። ማረሻው ጎረቤት ተውሶት ኖሯል።