ጀማሪ ደራሲና ቀብድ ተቀባይ

መጽሐፍ መጻፍ የሚያስመሰግን ሥራ ነው። የጻፉትን ለሕዝብ ማድረስ ግን ሌላ ጥበብ ይጠይቃል፤ ይህን ጥበብ ያላወቀ ወጣት ብዙ ሌሊት የደከመበትን ረቂቅ በአንድ ቀን ፊርማ ሊያጣው ይችላል። ዛሬ ልንመለከተው ያሰብነው ይህንኑ ነው።

ሐዋሳ የተማሪና የመንግሥት ሠራተኛ ከተማ ናት። ዩኒቨርሲቲዋ ከልዩ ልዩ ክፍለ ሀገር የመጡ ወጣቶችን ያስተምራል፤ ከ2012 ዓ.ም ወዲህም የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ በመሆኗ መሥሪያ ቤቶቿ በወጣት ሠራተኞች የተሞሉ ናቸው። እንዲህ ባለ ከተማ ደብተሩን በግጥም የሞላ፣ ልብ ወለድ ጀምሮ የጨረሰ ሰው አይታጣም። ታላላቆቹ ማተሚያ ቤቶችና የመጻሕፍት አከፋፋዮች ግን በብዛት የሚገኙት አዲስ አበባ ነው። እንግዲህ በሁለቱ ከተሞች መካከል «እኔ አገናኛችኋለሁ» የሚል ሰው ይቆማል።

አገናኝ ሁሉ አታላይ ነው አንልም። በእንግሊዝና በአሜሪካ የደራሲ ወኪል የታወቀ ሙያ ነው። ነገር ግን ደግ ወኪል ረቂቁን ለማንበብ ገንዘብ አይጠይቅም፤ መጽሐፉን ለአሳታሚ ከሸጠ በኋላ ደራሲው ከሚያገኘው ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ 15 እጅ ይወስዳል። ደራሲው ካላገኘ እርሱም አያገኝም። ቀብድ ተቀባዩ ግን መጽሐፉ ቢወጣም ባይወጣም የራሱን አስቀድሞ በልቷል።

ነገሩን ለመረዳት ማተምንና ማሳተምን መለየት ያስፈልጋል። እንደ ብርሃንና ሰላም ያለ ማተሚያ ቤት ገጹን፣ የወረቀቱን ዓይነትና የቅጂውን ብዛት ቆጥሮ ዋጋውን ይናገራል፤ የሚከፍለውም አሠሪው ነው። አሳታሚ ግን በራሱ ገንዘብ አሳትሞ ለደራሲው ድርሻውን የሚከፍል ነው፤ በደርግ ዘመን ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ይህን ሥራ ይሠራ ነበር። ዛሬ አብዛኛው ደራሲያችን በራሱ ወጪ ያሳትማል፤ ይህም ነውር አይደለም። ነውሩ አታላዩ ሁለቱን ሲያደባልቅ ነው። ወጪውን እንደ ማተሚያ ቤት ከደራሲው ይቀበላል፤ መብቱን ደግሞ እንደ አሳታሚ ለራሱ ያደርጋል።

እንዲህ ያለው ሰው የሚታወቅበት ምልክት አለው። አንደኛ፣ ሳያነብ ያወድሳል፤ ከታሪኩ መካከል አንድ ነገር ቢጠይቁት መልስ የለውም። ሁለተኛ፣ «ወረቀት ሊወደድ ነው» እያለ ያስቸኩላል፤ ደረሰኝ ግን አይሰጥም። ሦስተኛ፣ ደራሲውን ከማተሚያ ቤቱ ጋር አያገናኝም፤ ምክንያቱም ትክክለኛው ዋጋና የታተመው ቅጂ ብዛት ይታወቅበታል። አንድ ሺህ ታተመ ብሎ ሁለት ሺህ ቢያሳትም ማን ይቆጥርበታል? አራተኛ፣ ጊዜና ቁጥር ያልተጻፈበት ወረቀት አቅርቦ «መብቱን ሁሉ አስተላልፌአለሁ» አሰኝቶ ያስፈርማል።

ሕጉ ለደራሲው ያደላል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 እንደሚለው ወጥ የሆነ ሥራ ከተጻፈ ጀምሮ የተጠበቀ ነው፤ ስለዚህ «በእኔ በኩል ካልተመዘገበ ያንተ አይደለም» የሚል ሰው ሐሰት ይናገራል። ይህ መብት በደራሲው ዕድሜና ከሞቱም በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። የገንዘብ ጥቅሙን ለሌላ ማስተላለፍ የሚቻለውም በጽሑፍ ነው። እንግዲህ ብዕር ያነሳ እጅ ለፊርማም ሊጠነቀቅ ይገባል።

ምን ይደረግ? አገናኙ እስከ ዛሬ ያወጣቸውን መጻሕፍት ይጠይቁት፤ ደራስያኑንም ፈልገው ያነጋግሩ። ቢቻል አዲስ አበባ ወጥተው ከሁለት ከሦስት ማተሚያ ቤት ፕሮፎርማ ይውሰዱ፤ የአውቶቡሱ ዋጋ ከሚጠፋው ቀብድ ያንሳል። በውሉ ላይ የቅጂው ብዛት፣ ዋጋው፣ የማስረከቢያው ቀንና የመብቱ ወሰን በግልጽ ይጻፍ፤ አንዱ ቅጂ በእጅ ይቅር። በ1952 ዓ.ም የተቋቋመው የኢትዮጵያ ደራስያን ማኅበር አለና ከፊርማ በፊት ልምድ ያላቸውን ደራስያን ማማከር አይከፋም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል።

አንድ ወጣት የዕቁብ ገንዘቡን ቢያጣ ሠርቶ ይተካዋል። ከዚያ የሚብሰው ግን ተታለልኩ ብሎ ብዕሩን የጣለ እንደሆነ ነው፤ ያን ጊዜ የሚጎዳው እርሱ ብቻ ሳይሆን ሊያነበው ይችል የነበረው ሕዝብ ጭምር ነው። ስለዚህ ወጣት ጸሐፊዎቻችን ረቂቃቸውን ደጋግመው እንደሚያነቡ ሁሉ የሚፈርሙበትንም ወረቀት ደጋግመው እንዲያነቡ አደራ እንላለን።