«ራሴን አመመኝ» ያለች እንደ ሆነ

በመሥሪያ ቤትም ሆነ በትምህርት ቤት «ራሴን አመመኝ» የሚለውን ቃል ያህል ብዙ ሥራ የሚሠራ ቃል ስለ መኖሩ እንጠራጠራለን። ዓርብ ከቀትር በኋላ ቀደም ብሎ ለመውጣት የፈለገ ጸሐፊ ራሱን ያመዋል፤ ለፈተናው ያልተዘጋጀ ተማሪ ራሱን ያመዋል፤ ማታ ሲያመሽ የቆየ ወጣት ሹም ደግሞ ከሁሉ የባሰ ራሱን ያመዋል፤ የዚህኛውስ እውነቱን ነው። ቃሉ ከመደጋገሙ የተነሣ እንደ አሮጌ ሳንቲም ተልጦ መልኩ ስለ ጠፋ፥ ተናጋሪውም ሰሚውም ፈገግ ብለው ያልፉታል። ይህ ሁሉ ቀልድ ሆኖ በቀረ ምንኛ መልካም ነበር። ዳሩ ግን ያንኑ የተላጠ ቃል ይዞ እውነተኛ ሕመምተኛ ሲመጣ የሚያምነው ያጣል። ዛሬ ልናነሣ ያሰብነው ከእነዚህ ሕመምተኞች አንዷን፥ ይኸውም በፀነሰች በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ወር ራሷን የሚፈልጣትን ሴት ነው።

ይህች ሴት ከሌላው ሁሉ የከፋ ችግር አለባት። ሆዷ ገፍቶ ቢታይ ኖሮ ወንበር የሚለቅላት፥ ዕቃ የሚይዝላት አይጠፋም ነበር። ነገር ግን በአገራችን ልማድ ፅንሱ ሳይጠና አይወራም፤ አንዳንዱ ዐይን እንዳይበላው፥ አንዳንዱም ቢጨነግፍ ሐሜት እንዳይሆን ብሎ ይሸሽገዋል። እንግዲህ በጣም የምትታመምበት ጊዜና ምንም ለመናገር የማትችልበት ጊዜ አንድ ሆነ ማለት ነው። አለቃዋ «ምን ሆነሽ ነው?» ሲላት የቀራት መልስ ያው የተላጠው ቃል ብቻ ነው።

ነገሩን ከቅርብ ያየነው ባለፈው ሰሞን ነው። ከእኛ ጋር አብሮ የተመረቀ አንድ ወዳጃችን እሑድ ዕለት ምሳ ጋበዘን። ባለቤቱ በሌላ መሥሪያ ቤት የምትሠራ ሴት ናት። ስንገባ ራሷን በሻሽ ጠፍንጋ አስራ አገኘናት፤ ጨዋታ ብትሞክርም ዐይኗ ብርሃኑን ይሸሽ ነበር። ምሳው አልቆ ቡናው መቆላት ሲጀምር፥ ጢሱ ገና ከምጣዱ ሳይነሣ፥ አፏን ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች። ወዲያው ቤቱ በሐኪም ተሞላ። የወዳጃችን እናት «ምች ነው የመታት» ብለው ዳማከሴ እንዲቀጠፍ አዘዙ። ወዳጃችን ለጥርሱ ሕመም ገዝቶ ከኪሱ ያኖረውን ኢቡፕሮፌን አውጥቶ «ሁለቱን ዋጪ፥ ወዲያው ይለቅሻል» አላት። አንዲት ጎረቤት ደግሞ በቀስታ ጠጋ ብለው፥ ነፍሰ ጡር ማናቸውንም ክኒን የዋጠች እንደ ሆነ የሕፃኑ አእምሮ ይበላሻል ብለው አስፈራሩ፤ የመፀነሷን ነገር እኛም የሰማነው ያን ጊዜ ነው። የተማርን ነን የምንለው እኛስ? «ምናልባት አንድ ሲኒ ቡና ብትጠጣ ይሻላት ነበር» ብለን አራተኛ ሐኪም ሆንን። ከአራታችን አንዳችንም «ከመቼ ጀምሮ ነው? እንዴት ያደርግሻል? የደም ግፊትሽን ተለክተሻል?» ብለን አልጠየቅናትም።

ከዚያ በኋላ ኀፍረት ቢጤ ስለ ተሰማን፥ ያነበብነውን አንብበን፥ ሐኪሞችንም ጠይቀን የተረዳነው እንደሚከተለው ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ራስ ምታት የተለመደ ነገር ነው። ሴቲቱ እንደ ፀነሰች በሰውነቷ ውስጥ ኤስትሮጅንና ፕሮጄስተሮን የሚባሉት ሆርሞኖች በብዛት ይጨምራሉ፤ የደሟም መጠን ገና ከመጀመሪያው ሳምንታት አንሥቶ ማደግ ይጀምራል፥ ኋላም ከቀድሞው እስከ ግማሽ ያህል ይበልጣል። የደም ሥሮቿ ይህን አዲስ ኑሮ እስኪለምዱት ድረስ ራስን መውቀጡ አያስደንቅም። በዚህ ላይ ማቅለሽለሹና ትውከቱ አለ፤ ያስታወከ ሰው ውሃው ያልቃል፥ ውሃው ያለቀበት ሰው ራሱን ያመዋል። ምግብ ስለሚያስጠላት ሳትበላ ትውላለች፤ በደሟ ያለው ስኳር ሲወርድም ራሷን ያዞራታል። ሌሊት ለሽንት ስትመላለስ እንቅልፍ ያንሳታል፤ ቀን ደግሞ ከኮምፒዩተር ፊት አንገቷን አቀርቅራ ትውላለች። እንግዲህ ራስ ምታቷ አንድ ምክንያት ብቻ የለውም፤ ብዙውም ክኒን ሳይነካ ሊቃለል የሚችል ነው። ውሃ ጥቂት በጥቂት ደጋግሞ መጠጣት፥ ከአልጋ ሳይወርዱ ደረቅ ዳቦ ወይም ቆሎ መቅመስ፥ ሆድ ባዶ ሆኖ እንዳይቆይ በየሁለትና በየሦስት ሰዓቱ ትንሽ ትንሽ መብላት፥ ጨለም ባለ ክፍል ጋደም ብሎ በቀዝቃዛ ውሃ የራሰ ጨርቅ በግንባር ላይ ማኖር፥ አንገትንና ትከሻን ማሸት፤ እነዚህ ሁሉ ገንዘብ አያስወጡም። ማሸቱን ባል ቢሠራው ማዕርጉ የሚቀንስበት አይመስለንም።

የጾም ነገር በዚህ ቦታ ይነሣል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምሱ መዋል ለምታስታውክ ነፍሰ ጡር ከባድ ነው፤ ይህን ከነፍስ አባቷ ጋር ብትመካከርበት ይሻላል። በእስልምናም በኩል ለራሷ ወይም ለፅንሷ የሰጋች ነፍሰ ጡር የረመዳንን ጾም ለሌላ ጊዜ እንድታቆየው የተፈቀደላት ነው።

አሁን ወደ ቡናው እንመለስ፤ ከሁሉ ይልቅ ያስገረመን ይህ ነውና። በአገራችን «ቡና ካልጠጣሁ ራሴን ያመኛል» የማይል ሰው ጥቂት ነው። ይህም ሱስ ብቻ ተብሎ የሚናቅ አይደለም። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን የአንጎልን የደም ሥሮች ጠበብ ያደርጋል፤ በየቀኑ የለመደው ሰው በድንገት ሲተወው ሥሮቹ ይሰፋሉ፥ ከዚያም ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ራስ ምታቱ ይጀምራል፤ በሁለተኛው ቀን ይበረታል፥ አንዳንዱንም እስከ ሳምንት ድረስ አይለቀውም። እንግዲህ አቦል፥ ቶና፥ በረካ ስትጠጣ የኖረች ሴት ፀንሳ የቡና ሽታ በድንገት ሲያስጠላት ምን እንደሚደርስባት አስቡ። ማንም ሳይነግራት፥ እርሷም ሳታስበው፥ በአንድ ቀን ቡናን እርግፍ አድርጋ ተወች። በማግስቱ ራሷ ተሰነጠቀ። አማት ምች አሉት፤ ባል ድካም አለው፤ ቡና ግን አልተጠረጠረም። ወዳጃችን ቤት የሆነው ይኸው እንደ ነበር በኋላ ተረዳን። ከሐኪሞቹ መካከል ሳናውቀው በግማሽ ትክክል የነበርን እኛ መሆናችን ትንሽ ያኮራናል፤ በምን ምክንያት ትክክል እንደ ነበርን ግን ፈጽሞ አናውቅም ነበርና ኩራቱ ብዙ አይቆይም።

ታዲያ ቡና ትጠጣ ማለት ነውን? በልክ ከሆነ አይከለከልም። የዓለም የጤና ድርጅት በቀን ከ300 ሚሊግራም ካፌይን በላይ የምትወስድ ነፍሰ ጡር እንድትቀንስ ይመክራል፤ የአሜሪካ የማኅፀንና የወሊድ ሐኪሞች ደግሞ ከ200 እንዳይበልጥ ይላሉ። ሲኒያችን ትንሽ ቢሆንም ቡናችን ወፍራም ነውና አንድ አቦል ይበቃል ብንል ማጋነን አይሆንም። መቀነስ የምትፈልግም በአንድ ቀን ሳይሆን በየጥቂት ቀኑ አንድ ሲኒ እየቀነሰች ብትተወው ራስ ምታቱ ይቀልላታል። ሻይና ኮካ ኮላም ካፌይን እንዳለባቸው አይዘንጋ። በቡና ላይ የሚጣለውን ጤና አዳም በሚመለከት ግን እንጠንቀቅ እንላለን። ይህ ተክል በብዛት ሲወሰድ ማኅፀንን የሚያኮማትር መሆኑ በብዙ አገር ከጥንት ጀምሮ ይታወቃል፤ ስለዚህ ነፍሰ ጡር እንደ መድኃኒት ዘፍዝፋ ልትጠጣው አይገባም። የዳማከሴውን ቅጠል ማሽተቱ ደስ ካላት ታሽትተው፤ ጨምቆ ማጠጣቱን ግን ሐኪም ሳይጠየቅ ባናደርገው ይሻላል።

ስለ ክኒኑም ሁለት ስሕተት አለ፤ አንዱ የወዳጃችን፥ ሌላው የጎረቤቲቱ ነው። ኢቡፕሮፌንና ዘመዶቹ ለነፍሰ ጡር የሚሆኑ መድኃኒቶች አይደሉም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2020 እ.ኤ.አ. ከ20ኛው ሳምንት ወዲህ የፅንሱን ኩላሊት ስለሚጎዱና የእንሽርት ውሃውን ስለሚያሳንሱ እንዲቀሩ አስጠንቅቋል፤ ከዚያ በፊት ባሉት ወራትም ቢሆን ሐኪሞች ያለ ትእዛዛቸው እንዳይወሰዱ ይመክራሉ። ለማይግሬን የሚሸጠው ኤርጎታሚን ያለበት ክኒንም ፈጽሞ የተከለከለ ነው። አስፕሪንን ሐኪም በትንሽ መጠን የሚያዝበት ጊዜ አለ፤ ያ ግን ከራስ ምታት ጋር ግንኙነት የለውም።

ለራስ ምታት ሐኪሞች በመጀመሪያ የሚመርጡት ፓራሲታሞልን ነው። ጎረቤቲቱ ያወሩትም ወሬ ምንጩ ከዚሁ መድኃኒት ሳይሆን አይቀርም። በመስከረም 2018 ዓ.ም. የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ራሳቸው በአደባባይ ቆመው ነፍሰ ጡሮች ፓራሲታሞልን እንዳይወስዱ፥ ከኦቲዝም ጋር ግንኙነት አለው ብለው ተናግረዋል፤ ወሬውም በየስልኩ ወደኛ ደረሰ። የዓለም የጤና ድርጅት ግን በዚያው ሳምንት ይህን የሚያረጋግጥ የተጨበጠ ማስረጃ እንደሌለ አስታወቀ። ከዚያ በፊትም በ2024 እ.ኤ.አ. በስዊድን አገር ወደ 2.5 ሚሊዮን በሚጠጉ ልጆች ላይ የተደረገ ጥናት ታትሞ ነበር። በዚያ ጥናት የአንዲት እናት ልጆች፥ በአንዱ እርግዝና መድኃኒቱ የተወሰደበት በሌላው ያልተወሰደበት፥ እርስ በርሳቸው ሲነጻጸሩ ልዩነት አልተገኘም። እኛ ፖለቲከኛ ስለ መድኃኒት ሲናገር ሐኪም ምን እንዳለ መጠየቅ የተማረ ሰው ግዴታ ነው እንላለን። ይህን ማለታችን እንደ ቆሎ ይቃም ማለታችን አይደለም፤ በሚያንሰው መጠን፥ ለሚያጥረው ጊዜ፥ በቀንም ከ4 ግራም ሳይበልጥ ነው። በሌላው ወገን ደግሞ ወሬ ፈርታ በትኩሳት የምትነድ ሴት አለች፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብርቱ ትኩሳት ራሱ ለፅንሱ አደገኛ መሆኑን ማንም አይነግራትም።

«እርግዝና ነው፥ ቻዪው» የማይባልበትም ራስ ምታት አለ። በድንገት እንደ መብረቅ የመታ፥ ከትኩሳትና ከአንገት መገተር ጋር የመጣ፥ ዐይንን ያደበዘዘ፥ ምላስን ያስተሳሰረ፥ ግማሽ አካልን ያደከመ ወይም ያንቀጠቀጠ ከሆነ፥ ያን ቀን ሆስፒታል መሄድ ነው፤ ለነገ አይባልም። ውሃ እንኳ ከሆዷ የማይቆይላትም እንዲሁ ናት። በቆላ ቀበሌ የምትኖር ወይም ከቆላ የተመለሰች ሴት ራስ ምታትና ትኩሳት ሲይዛት ደሟ ለወባ ይመርመር። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ደግሞ የነፍሰ ጡር ራስ ምታት ሁልጊዜ የደም ግፊትን ያሳስባል፤ 140 በ90 የደረሰ ግፊት ቸል አይባልም። እዚህ ላይ ነው የመጀመሪያው ራስ ምታት ጥቅም ያለው። በሁለተኛው ወር ሄዳ የተለካችው ቁጥር በሰባተኛው ወር ለሚመጣው ማመዛዘኛ ይሆናል፤ ያ ቁጥር ከሌለ ግን ሐኪሙ የበፊቱን ሳያውቅ ለመፍረድ ይገደዳል። የዓለም የጤና ድርጅት የመጀመሪያው ምርመራ ከ12ኛው ሳምንት እንዳያልፍ ይመክራል። በአገራችን በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ውስጥ ምርመራ የጀመሩት እናቶች በ2016 እ.ኤ.አ. ከመቶ 20፥ በ2019 ደግሞ ከመቶ 28 ነበሩ። የቀሩት «ሳይጠና» እያሉ ይጠብቁ ነበር። ለጎረቤት አለመንገር መብታቸው ነው፤ ለሐኪም አለመንገር ግን ሌላ ነገር ነው።

በመጨረሻ ወደ መሥሪያ ቤቱ እንመለስ፤ ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ ነገ ጧት ሰው የሚያሠናብቱና የሚያስቀሩ ወጣት ሹሞች ናቸውና። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከእርግዝናዋ ጋር ለተያያዘ የሐኪም ምርመራ ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ እንዲሰጣት ያዛል፤ ከሐኪሙም ማስረጃ እንድታመጣ ሊጠይቃት ይችላል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064ም ተመሳሳይ ድንጋጌ ነበረበት። ነገር ግን ፈቃዱን ለመጠየቅ ሴቲቱ በሰው በተሞላ ቢሮ መካከል ቆማ ምሥጢሯን እንድትናገር ከተገደደች ሕጉ መኖሩ ምን ይጠቅማታል? የወዳጃችን ባለቤት ሦስት ቀን ያህል ከጠረጴዛዋ ላይ ተደፍታ ስትውል የክፍሉ ሹም «ሌሊት አምሽተሽ ነው?» ብሎ በባልደረቦቿ ፊት እንደ ቀለደባት ነግራናለች። ሰውዬው ክፉ አይደለም አሉ፤ ያችን የተላጠች ቃል ስለ ለመዳት ብቻ ነው። በሩን ዘግቶ «ምን ላድርግልሽ?» ቢላት ኖሮ ሁለት ደቂቃ አይፈጅበትም ነበር።

ከዚያ እሑድ ወዲህ አንድ ጊዜ ሄደን ጠይቀናቸዋል። ጤና ጣቢያ ሄዳ ግፊቷን ተለክታለች፤ ደኅና ነው ተብላለች። ራስ ምታቱም በሁለተኛው ሳምንት ቀለል ብሎላታል። ወዳጃችን የቡናውን ምጣድና ጀበና ወደ ጓሮ ሰድዶት፥ እናቱ እዚያው ከአጥሩ ሥር ተቀምጠው ይቆላሉ፤ «ቡናዬን ከቤት ያስወጣችው ገና ያልተወለደች ልጅ ናት» እያሉም ይስቃሉ። ሴት መሆኗን ማን እንደ ነገራቸው ግን አልጠየቅናቸውም።