ስሙ የጠፋብን አበባ

በዚህ ወር አይሪስ የሚባለውን አበባ በሸክላ ተክሎ ስለ ማሳደግና መዝገቡንም ስለ መያዝ ጥቂት እንናገራለን። አይሪስ ቃሉ የግሪክ ነው፤ ትርጓሜውም ቀስተ ደመና ማለት ነው። እንዲህ መባሉም ሐምራዊው፣ ቢጫው፣ ነጩና ሰማያዊው በየመልኩ ስለሚገኝ ነው። ቀስተ ደመና ለኖኅ የተሰጠ የኪዳን ምልክት መሆኑን የሚያውቅ ክርስቲያን ስሙ እንግዳ አይሆንበትም።

በብዙ ሰው ዘንድ የሚተከለው ዓይነት ሥሩ እንደ ዝንጅብል በአግድም የሚሄድ ወፍራም ነው። ቢበሉት ይጎዳልና ልጆች ዝንጅብል መስሏቸው እንዳይቀምሱት መጠንቀቅ ይገባል። ለአንድ ሥር ወርዱ 30 ሳንቲ ሜትር የሚሆን፣ ታቹ የተበሳ ሸክላ ይበቃል። አፈሩ አሸዋ የተቀላቀለበት ይሁን። ሥሩንም እንደ ድንች መቅበር ሳይሆን፣ ጀርባው ፀሓይ እንዲያገኝ ከአፈሩ ጥቂት ብቅ አድርጎ መትከል ነው። በቀን 6 ሰዓት ያህል ፀሓይ ይሻል። ውሃ የተኛበት ሥር ይበሰብሳልና በክረምት ዝናም ወደማያገኘው፣ ነገር ግን ብርሃን ወዳለው በረንዳ ማስጠጋት መልካም ነው። በሸክላ ያለው ቦታ ስለሚጠበው በ2 ወይም በ3 ዓመት አንድ ጊዜ፣ አበባው ካለፈ በኋላ፣ ነቅሎ መከፋፈል ያስፈልጋል።

ችግር የሚመጣው በዚህ ጊዜ ነው። አይሪስ ሳያብብ ቅጠሉ ሁሉ እንደ ሰይፍ ነውና ነጩን ከሐምራዊው መለየት ያስቸግራል። እኛም ሟች እናታችን በእጃቸው የተከሉት ነጭ አይሪስ ነበረን። ምልክቱን በእንጨት ላይ በቀለም ጽፈን ነበር፤ ክረምቱ አጠበው። ሥሩን ከፋፍለን ለጎረቤት ካደልን በኋላ፣ በእጃችን የቀረው ሁሉ ሲያብብ ሐምራዊ ሆኖ ተገኘ። የእናታችንን አበባ በገዛ እጃችን ሰጥተነው ኖሯል፤ ለማን እንደ ሰጠነውም አልጻፍንም።

ከዚያ ወዲህ በሸክላው ጎን ቁጥር በዘይት ቀለም እንጽፋለን። ያንኑ ቁጥር በቆርቆሮ ቁራጭ ላይ በምስማር ፍቀን ከአፈሩ ውስጥ እንቀብራለን። በደብተርም የአበባውን ስምና መልክ፣ የሰጠንን ሰው፣ የተተከለበትንና ያበበበትን ቀን፣ ሲከፈልም ለማን እንደ ደረሰ በእርሳስ እንመዘግባለን፤ እርሳስ እንደ ቀለም በውሃ አይለቅምና። ጽሕፈቱን ለልጆች ብንተውላቸው ጥንቃቄን ይማሩበታል።

ይህን ስናደርግ ሌላ መዝገብ ትዝ አለን። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ሲጠመቁ የክርስትና ስም ይወጣላቸዋል። ዳሩ ግን በብዙ ቤት ስሙ የሚታወቀው በእናት ልብ ብቻ ነው። እናት ቀድማ ስታርፍ ስሙም አብሮ ይሄዳል፤ በኋላ ካህኑ ለፍትሐት ስሙን ሲጠይቅ ዘመድ ሁሉ እርስ በርሱ ይተያያል። እግዚአብሔር የሚረሳው ስም የለም፤ የምንረሳው እኛ ነን።

ስለዚህ ለአበባ ብላችሁ ደብተር ስታበጁ፣ አስቀድማችሁ በፊተኛው ገጽ የቤታችሁን ሰው ሁሉ የክርስትና ስምና የተጠመቀበትን ቀን ጻፉ። አረጋውያንም በሕይወት ሳሉ ጠይቋቸው። ከዚያ በኋላ ገጹን ገልብጣችሁ፣ ሸክላ ቁጥር 1 ብላችሁ ጀምሩ።